ለሁለተኛዋ ኮር የያዝከው 16 ሜጋባይት የት ሄደ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ እኔው የጻፍኩት ነው የመሰለኝ። 1 ጊጋባይት ራም ያላት ባለ64 ቢት የአርም ቦርድ ላይ ሊነክስ ጭነሃል። ለትንሿ ሁለተኛ ኮር (የራሷን ፕሮግራም ለምታሠራው ፕሮሰሰር) 16 ሜጋባይት በዲቫይስ ትሪው፣ ማለትም የቦርዷን ሃርድዌር ለሊነክስ በሚገልጸው ፋይል፣ ለይተሃል። ቡትሎደሩ (ከሊነክስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) የኮሯን ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩን፣ እዚያ ጭኖ ያስነሳታል። ሁሉም ደህና ይሠራል፤ ቦርዷ ላይ ከባድ ሥራ ሲመጣ ግን ኮሯ ቀጥ ትላለች። የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፦ የተያዘውን ሜሞሪ ማን ያበላሸዋል? ድራይቨሩ ሲነሳስ ላስይዘው እችላለሁ?

ከሁለተኛው ልጀምር። አትችልም፤ ረፍዷል። ድንኳኑ በእንግዳ ከሞላ በኋላ ለሽማግሌዎች ወንበር ያዙልኝ እንደማለት ነው።

ከርነሉ፣ ማለትም የሊነክስ እምብርት፣ ገና ሲነሳ ሜሞሪ የሚያከፋፍለው ዋናው ክፍል፣ ቡዲ የሚባለው፣ ሥራ አልጀመረም። ለእሱ መነሻ የሚሆኑት ሰንጠረዦች ራሳቸው ሜሞሪ ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 64 ባይት መዝገብ ይያዛል፤ 1 ጊጋባይት ላይ ይህ ብቻ 16 ሜጋባይት ነው። ይህን የመሸጋገሪያ ጊዜ የሚይዘው ሜምብሎክ ነው። አሠራሩ ደስ የሚል ቀላል ነው። ሁለት ዝርዝር አለው፤ አንዱ «ያለኝ ራም ይህ ነው» ይላል፣ ሌላው «ከዚህ ውስጥ የተያዘው ይህ ነው» ይላል። ከርነሉ ራሱ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱ (ሲነሳ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል)፣ ዲቫይስ ትሪውና አንተ የለየኸው ቦታ ሁሉ ሁለተኛው ላይ ይመዘገባሉ። በመጨረሻ ሜምብሎክ ከተያዘው የተረፈውን በሙሉ ለቡዲ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ «ይህን ያዝልኝ» ብትል የሚሰማህ የለም። (የድሮ ጽሑፎች ከሜምብሎክ በፊት ስለነበረው ቡትሜም ሲያወሩ ካየህ እለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ4.20 ከርነል ወጥቷል።)

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። በእኔ ግምት የአንተ 16 ሜጋባይት ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ጭራሽ አልገባም። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። የሪዘርቭድ-ሜሞሪውን ኖድ፣ ማለትም በዲቫይስ ትሪው ውስጥ የተያዘ ቦታ የሚጻፍበትን ክፍል፣ ከአንድ ባለ32 ቢት ምሳሌ ነበር የቀዳሁት። አድራሻና መጠን እያንዳንዳቸው በስንት ባለ32 ቢት ቁጥር እንደሚጻፉ የሚናገሩት አድሬስ-ሴልስና ሳይዝ-ሴልስ 1 1 ይላሉ። የቦርዷ ዋና ኖድ ላይ ግን 2 2 ነበሩ። እነዚህ ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ሬንጅስ የሚለው መስመር ከቀረ፣ ከርነሉ ኖዱን እንዳለ ይተወዋል። አይቆምም፣ ፓኒክ አያደርግም። የኖዱ አጻጻፍ ስለማይደገፍ ትቼዋለሁ የሚል አንዲት መስመር ዲሜሰጅ ላይ፣ ማለትም በከርነሉ የመልእክት መዝገብ ላይ፣ ጽፎ ይቀጥላል። እኔ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ ራሙን ጠረጠርኩ፣ ፈርምዌሩን እንደገና ጻፍኩ። ዘጠኝ ቀን ሄደ። መልሱ ዲሜሰጁ ላይ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች መካከል ነበር፤ እኔ የማየው ሁልጊዜ መጨረሻውን ነው።

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ ላይ ይሠራል?» ትል ይሆናል። ሜምብሎክ ብዙውን ጊዜ የሚያድለው ከላይ ወደ ታች ነው። መሃል ላይ ያለ ቦታ ለጊዜው ሳይነካ ይቆያል። ቡዲም ቢሆን ገጹን የሚሰጠው ጠያቂ ሲመጣ ነው። ሥራ ሲበዛ የፈርምዌርህ ተራ ይደርሳል፣ የሌላ ፕሮግራም ዳታ ይጻፍበታል። «ሲጫን ይሞታል» ያልከው ለዚህ ይመስለኛል።

ኖዱ ተነቦ ቢሆንም ሌላ ጉዳይ አለ። «ተይዟል» ማለት አንድ ዓይነት ቃል ኪዳን አይደለም። እንዲሁ ከያዝከው ከርነሉ ለሌላ አይሰጠውም፤ ግን በራሱ ካርታ ላይ በካሽ እንደሚነበብ ተራ ራም ያቆየዋል። ሲፒዩው ማንም ሳያዘው ቀድሞ ሊያነበው ይችላል፤ ቦታው በሃርድዌር የተከለለ ከሆነ ደግሞ ያ ንባብ ብቻውን ሲስተሙን ሊጥለው ይችላል። በባለ64 ቢት አርም ላይ አይኦሪማፕም (ድራይቨር አንድን አድራሻ ለመጠቀም የሚጠራው የከርነል ተግባር) እንዲህ ያለውን አድራሻ እምቢ ይላል። ለሌላ ኮር የሚሆን ቦታ ከሆነ ኖዱ ላይ ኖ-ማፕ፣ ማለትም ከርነሉ በካርታው ላይ እንዳያስገባው የሚል ምልክት፣ ጨምርበት፤ እኔ ያለ እሱ አልሞክርም። ሪዩዘብል የሚለውን ግን አታስገባው። እሱ ድራይቨሩ እስኪፈልገው ድረስ ከርነሉ ይጠቀምበት ማለት ነው፤ ከኖ-ማፕ ጋርም አብሮ አይሄድም።

ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ይኸውልህ። ኖዱ ኖሮና ሳይኖር አንድ አንድ ጊዜ አስነሳና ሜምኢንፎ (/proc/meminfo) ላይ ሜምቶታልን፣ ማለትም ጠቅላላውን ሜሞሪ፣ አወዳድር። ኖዱ ሲኖር በ16384 ኪሎባይት ገደማ ካልቀነሰ አልተያዘም። በከርነሉ ትእዛዝ መስመር ላይ ሜምብሎክ=ዲበግ ብትጨምር እያንዳንዱ ይዞታ ሲመዘገብ ታያለህ። አዳዲስ ከርነሎች ደግሞ የተያዘውን ቦታ ከነኖማፑ በአንድ መስመር ያትማሉ። ሁለት ቦታ ተደራርቦብህ ከሆነም ኦቨርላፕ ዲቴክትድ የሚል ታገኛለህ።

የዲሜሰጁን የመጀመሪያ 60 መስመርና ኖዱን እንዳለ ላክልኝ። የዋናውን ኖድ ሁለቱን የሴልስ መስመሮች እንዳትረሳ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።