ምክር ቤት ለመግባት ለምታስቡ ልጆቼ

ሰሞኑን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና የጎረቤቴ ልጅ፣ "ጋሼ፣ በክልል ምክር ቤት ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ምን ሠርቶ ይወጣል?" ብላ ጠየቀችኝ። የመጣልኝን መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

እኔ የሥራ ዘመኔን በበጀትና በሂሳብ ነው ያሳለፍኩት። እሳቸው መምህር ነበሩ። ለጨፌ ኦሮሚያ ተመርጠው፣ ከምርጫ ምርጫ ሲመለሱ ፀጉራቸው ሸበተ። ጉባኤ ሲጠራ በሌሊት መናኸሪያ ወርደው፣ የግቤን በረሃ አቋርጠው አዳማ ይገባሉ። ሲያልቅ ተመልሰው ጠመኔ ይይዛሉ።

ብዙ አይናገሩም ነበር። ኃላፊዎች የሚፈሩት ደብተራቸውን ነው። ተራ የተማሪ ደብተር፣ በማስመሪያ አራት ቦታ የተከፈለ፦ ቀበሌው፣ ጥያቄው፣ መልስ የሰጠው ኃላፊ፣ "ይሠራል" የተባለበት ዓመት። አንዱ ተነስቶ "በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል" ሲል ገጹን ይገልጣሉ። "አምናም ይህንኑ ብላችሁን ነበር" ይላሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ደብተሩን የሞላው በተለይ የአንድ ድልድይ ጉዳይ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወንዝ ዳር ታድራለች። ቡና ሲደርስ ደግሞ ነጋዴው "መኪና አይገባም" ብሎ ከዋጋው ይቆርጣል። አንድ ዓመት ለድልድዩ ገንዘብ ተያዘ ተባለና ሕዝቡ ጨፈረ። እሳቸው የበጀቱን ሰነድ ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። መስመሩን ሳየው "ለጥናት" ይላል። ለግንባታ የተያዘ አንድም ብር የለም። ሄደው ለሕዝቡ እውነቱን ነገሩት፤ ብዙ ሰው ተቀየማቸው። ምርጫ እኮ ቀርቦ ነበር! ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር?

ጥናቱ ተሠራ፣ ተከፈለበትም። ግንባታው ሳይጀመር የእሳቸው ስም ከዕጩዎች ዝርዝር ወጣ። ደብተሮቹን በፌስታል አድርገው፣ ለተተኪው እንዲደርስላቸው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። የተቀበላቸው ሰው "ደብዳቤ አለዎት?" አላቸው። የምን ደብዳቤ? ይዘው ተመለሱ።

በቀጣዩ ስብሰባ እኔም ነበርኩ። አዲሱ ተወካይ ተነስቶ የድልድዩን ነገር እንደ አዲስ ጠየቀ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንደበቱም ርቱዕ። ኃላፊው "እናስጠናለን" ብሎ መለሰ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። የተከፈለበት ጥናት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ለማስጨረስ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፤ ስቴፕለር ሳይቀር ያስረክባል። የሕዝብ ተመራጭ ግን የስንት ቀበሌ አቤቱታ በልቡ ይዞ ቤቱ ሲገባ "አስረክብ" የሚለው የለም።

ሐቀኛ ሁኑ ብዬ አልሰብካችሁም፤ እሱን ቤታችሁ ተነግሯችኋል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ግን አንብቡ። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ተጽፏል። ደግሞ ሰኔ ላይ አትጩኹ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ነው። ጥር ላይ፣ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ፣ "ለዚህ ከተያዘው ስንቱ ወጣ?" ብላችሁ ያዟቸው።

የእናንተ ዘመን ልጆች ማይክ ስትጨብጡ ትቸኩላላችሁ። ንግግሩ ቪዲዮ ሆኖ ፌስቡክ ላይ ይለቀቃል፤ መልሱ የት ደረሰ ብሎ የሚከታተል ጥቂት ነው። ግን ደግሞ ታድላችኋል። እኛ አንድ አዋጅ ለማንበብ ደጅ ስንጠና ኖረናል፤ እናንተ በስልካችሁ ታወርዱታላችሁ።

ምክር ቤት መቆየትን በተመለከተ ሁለት ዘመን፣ ማለትም 10 ዓመት፣ ይበቃል ባይ ነኝ። ሰው ሲቆይ ወንበሩን ይለምደዋል፤ ሕዝቡን ይረሳል። እንዲህ እላለሁ እንጂ እኚያ ሰው በ10 ዓመታቸው ቢወጡ ኖሮ ያንን ደብተር ማን ይሞላው ነበር? ሁለቱንም አምናለሁ፤ ማስታረቅ አልቻልኩም።

ከእናንተ የሚመረጥ ካለ፣ ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ከእሱ በፊት የነበረው ተወካይ ቤት ይሂድ። የሌላ ፓርቲ ሰው ቢሆንም፣ በምርጫው ተቀያይመው ቢሆንም ይሂድ። ቡና ይፈላል፤ ሦስተኛው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ "ምን ጠየቁ? ማን ምን ብሎ መለሰልዎት?" ይበልና እየጻፈ ያዳምጥ።