ሰማዩን ሳያዩ ዲሽ አይግዙ

ባለፈው ጊዜ ስለ ቤት ኢንተርኔት ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት ነው፤ በተለይ ስለ ስታርሊንክ፣ ቤት ላይ በሚገጠም ዲሽ ኢንተርኔት ከሳተላይት ስለሚያቀርበው ኩባንያ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴን።

ከቨርጂኒያ፦ “ከከተማ ራቅ ብለን ቤት ገዛን። ፋይበርም ኬብልም አይደርስም። ስታርሊንክ እናስገባ?”

ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ አስገቡ። እኔም እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ዲሹ ከመምጣቱ በፊት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን የሚጨርሱት የቤተ መጻሕፍት ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ነበር። ያንን ጊዜ ሳስታውስ ዲሹን አመሰግነዋለሁ።

ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሰማዩን እዩ። የእኔ ዲሽ የተገጠመው ጃንዋሪ ላይ ነው። ዛፎቹ ቅጠል አልነበራቸውም፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ሜይ ላይ የጓሮው ዛፍ ቅጠል ሲያወጣ ጣጣው ጀመረ። ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ስናወራ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። “ኧረ ጠፋህብኝ!” ስትል ድምጿ ብቻ ተቆራርጦ ይመጣል። የገጠመልኝ ሰውዬ ስለ ዛፉ አንድም ቃል አልነገረኝም ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የስታርሊንክ ሳተላይቶች 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ይሮጣሉ። አንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ዲሹ ወዲያው ሌላውን ይይዛል። ስለዚህ አንድ አቅጣጫ ብቻ ክፍት ቢሆን አይበቃም፤ ሰፊ ሰማይ ያስፈልገዋል። ሳተላይቱ ከቅርንጫፍ ጀርባ በገባ ቁጥር መስመሩ ለሰከንዶች ይቋረጣል። የስታርሊንክን አፕ በነፃ አውርዱና የስልካችሁን ካሜራ ወደ ሰማይ አዙራችሁ ግቢውን ፈትሹ። የሚከልል ነገር ካለ ያሳያችኋል። ዛፉ ቅጠል በሌለው ወቅት ከፈተሻችሁ ደግሞ በኋላ የሚያወጣውን ቅጠልም አብራችሁ አስቡት። የእኔ ችግር የተፈታው ዲሹ ከጓሮ ተነሥቶ የጣሪያው ጫፍ ላይ በብረት ምሰሶ ሲሰቀል ነው።

ከሚዙሪ፦ “የተከራየነው ቤት የድሮ የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ አለው። እሱን ማስቀጠል አይሻልም?”

ለምን እንደሚፈልጉት ይወሰናል፣ እህቴ። እንደ ሂዩዝኔትና ቪያሳት ያሉት የቆዩት ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸው ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ከምድር ሲታዩ የቆሙ የሚመስሉ ናቸው። ጥያቄዎ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መልሱም እንደገና ይወጣል፣ ይወርዳል። ድምሩ 143 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በተግባር ከ600 ሚሊ ሰከንድ (ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው) ያልፋል። ስታርሊንክ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 60 ሚሊ ሰከንድ ነው።

ለፊልምና ለኢሜይል ይህ መዘግየት ብዙም አይታወቅም። ለስልክ ግን መከራ ነው፣ በተለይ ለእኛ ሰላምታ። “እንዴት ነሽ?” “ደህና፣ አንቺስ?” “ልጆቹስ?” እየተባለ የሚፈሰው ሁሉ ይጋጫል። ሁለታችሁም ታወራላችሁ፣ ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ፣ እንደገና አብራችሁ ትጀምራላችሁ። አገር ቤት ለመደወል ከሆነ የሚፈልጉት አላስቀጥልም።

ከሲያትል አካባቢ፦ “ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው?”

ተራ ዝናብ አይነካውም። ጥቁር ደመና ያዘለው ዶፍ ሲወርድ ግን ለጥቂት ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል። አገር ቤት በክረምት የቲቪ ዲሽ “ሲግናል የለም” ሲል ያየ ሰው ያውቀዋል። በረዶ ሲጥል ዲሹ ራሱን አሙቆ ያቀልጠዋል፤ ያን ጊዜ የሚበላው መብራት ይጨምራል። በሌላው ጊዜም ቢሆን መደበኛው ዲሽ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። ሌት ተቀን ስለሚሠራ በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው።

ከኮሎራዶ፦ “ባለቤቴ ከቤት ነው የምትሠራው። ሳተላይቱ ከገባ የስልክ ዳታውን እንቀንስ?”

አትቀንሱ። ጁላይ 24 ቀን 2025 ስታርሊንክ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ለ2 ሰዓት ተኩል ያህል ጠፍቶ ነበር። ችግሩ የኩባንያው የውስጥ ሶፍትዌር ነበር፤ ደንበኛው ቤቱ ሆኖ ማስተካከል የሚችለው ነገር አልነበረም። የባለቤትህ ስልክ ሆትስፖት (የስልኩን ዳታ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለው) ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ከናይሮቢ፦ “አፓርታማ ውስጥ ነን። ጎረቤቶቻችን ስታርሊንክ አስገብተዋል። እኛስ?”

ሕንፃው ውስጥ ፋይበር ካለ ፋይበሩን ያዙ። የሳተላይት ኢንተርኔት እንደ ሰፈር ቦኖ ነው። ጄሪካኑ ሲበዛ ውሃው ለሁሉም ይቀጥናል። አንድ አካባቢ ያሉ ተጠቃሚዎች ያንኑ አቅም ይካፈላሉ። ስታርሊንክ ኬንያ የገባው በጁላይ 2023 ነው። ኖቬምበር 2024 ላይ ናይሮቢና ዙሪያዋ አቅሙ ስለሞላ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቁሞ ነበር። ዲሹ የሚጠቅመው ሰው ተራርቆ የሚኖርበት ገጠር ላይ ነው። በዚያ ላይ ጣሪያ የምትወጡት በባለ ሕንፃው ፈቃድ መሆኑን አትርሱ።

ከዳላስ፦ “አባቴ ጎጃም ገጠር ነው ያለው። አንድ ዲሽ በሻንጣ ልላክለት?”

ፍላጎትዎ ይገባኛል። እኔም ለእናቴ ተመኝቼው ነበር። ነገር ግን በሻንጣ አይላኩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ዓይነት አገልግሎት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሲሆን የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያልተፈቀደ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ሰው ላይም ጣጣ ያመጣል። ስታርሊንክም ራሱ በ2024 አገልግሎቱ ባልተፈቀደባቸው አገሮች የተጓዥ ፓኬጅ ለሚጠቀሙ ሰዎች እንደሚያቋርጥባቸው ማስጠንቀቂያ ልኳል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ዲሹ ጣሪያ ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ አባትዎም ያዝናሉ።

መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። አንድ የሰፈር ልጅ ስልክ ይዞ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ መሰላል ላይ ወጥቶ ኔትወርኩን ይይ። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ይሞክር፣ አካባቢው ላይ ካለ በሳፋሪኮምም። ቤት ውስጥ ጠፍቶ መሰላሉ ላይ 4ጂ የሚል ከመጣ፣ ሲም የሚቀበል ራውተርና ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አንቴና ይበቃዎታል። የቲቪ ዲሽ የሚያስተካክለው የከተማው ሠራተኛ ሊሰቅለው ይችላል። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥባቸው ራውተሩን ትንሽ ባትሪ ላይ ያድርጉት።