ፓኔሉ 20 ቮልት እያሳየ ባትሪው ለምን አይሞላም?

አንድ የደብረ ታቦር አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «100 ዋት ሶላርና 100 አምፔር ባትሪ አለኝ። በበጋ ቴሌቪዥንና አምፖል እስከ እኩለ ሌሊት ያሠራል። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይጠፋል። በዳመና ፓኔሉን ስለካው 20 ቮልት አለው። የሸጠልኝ ሰው ፓኔሉ ደህና ነው፣ ባትሪውን ቀይር አለኝ። ልቀይር?»

ገና አይቀይሩ። መጀመሪያ አምፔሩን ይለኩ።

ቮልት ብቻ አይቶ መፍረድ ስንቱን ያላግባብ ወጪ ውስጥ እንደከተተ አይቻለሁና ይሄን አጥብቄ እላለሁ። ባትሪም ሆነ ሌላ ዕቃ ያልተገናኘው ፓኔል በትንሽ ብርሃንም ቮልቱ ቶሎ ይነሳል። ከፀሐይዋ ጋር የሚወጣውና የሚወርደው አምፔሩ ነው፤ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ አምፔሩም በግማሽ ይቀንሳል።

ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይመልከቱ። 100 ዋት የተባለው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን አርፎበት፣ ሴሉ (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የፓኔሉ ትንሽ ክፍል) ራሱ 25 ዲግሪ ሆኖ ሲለካ ነው። እዚያው የሾርት አምፔሩ (Isc፣ ሁለቱ የፓኔሉ ሽቦዎች በቀጥታ ሲገናኙ የሚፈሰው) ተጽፏል፤ ለ100 ዋት ብዙውን ጊዜ 6 ገደማ ነው። ሰማዩ ሲጠራ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ፣ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍነው ከኮንትሮለሩ (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ይንቀሉት። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው ከፓኔሉ ሁለት ሽቦዎች ጋር ያገናኙና ልብሱን ይግለጡ። ባትሪ ላይ ግን ይህን በፍጹም እንዳይሞክሩ፤ ሜትሩ ይቃጠላል፣ እርስዎንም ሊጎዳ ይችላል።

5 እና ከዚያ በላይ ካገኙ ፓኔሉ ጤነኛ ነው። በዳመና ደግመው ሲለኩ 1 አምፔር ቢሆን አይደንግጡ፤ የሰማዩ ነው። በበጋ በቀን 30 አምፔር ሰዓት (አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ አንድ አምፔር ሰዓት ነው) ያህል ያስገባ የነበረው ፓኔል፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨልም ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል። 40 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ብቻ ቢሠራ 13 አምፔር ሰዓት ይበላል። ባትሪው የሚያልቀው ስላረጀ ሳይሆን ስላልሞላ ሊሆን ይችላል።

በጠራ ፀሐይም አምፔሩ ካነሰ ጥላ ይፈልጉ። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ በጣም የተሸፈነው አንዱ ሴል የሌሎቹንም አምፔር ያንቃል። ከሰዓት በኋላ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንዱን ጥግ ብቻ ቢሸፍን፣ የሚጠፋው የጥጉ ድርሻ ብቻ ሳይሆን የግማሽ ፓኔል ኃይል ሊሆን ይችላል። የሚቆረጥ ከሆነ ይቁረጡት፤ ካልሆነ ፓኔሉን ያዛውሩት።

አቀማመጡም አለ። በሰኔና በሐምሌ የእናንተ የቀትር ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደንብ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ለዓመቱ ይበቃል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብልዎታል። ብርዱ አያሳስብዎ፤ ፓኔል የሚደክመው በሙቀት ነው። በአፋር ቆላ 60 ዲግሪ የደረሰ ሴል ከኃይሉ ከመቶ 10 በላይ ያጣል።

ለባትሪ ያሰቡት ገንዘብ ካለ፣ ተመሳሳይ ፓኔል ገዝተው ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭን ከኔጋቲቭ አያይዘው ይጨምሩ። ኮንትሮለሩ 10 አምፔር ከሆነ ሁለቱን አይችልም፤ በ20 ይቀይሩት። እስከዚያው በጨለማ ቀን ቴሌቪዥኑን ይተዉት፤ ሳይሞላ እየተራቆተ የሚከርም የሊድ አሲድ ባትሪ ያኔ በእውነት ይሞታል።