በአሮጌ ላፕቶፕ ግራፊክስ ፕሮግራሚንግ ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲ ፕላስ ፕላስ ተምሬያለሁ፤ ሉፕና ክላስ አይቸግረኝም። ጌም ላይ የሚታየው ምስል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ «ዘመኑ የቩልካን ነው» ብሎኝ ብጀምረው ምንም አልገባኝም። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ኢንተርኔት የማገኘውም ፓኬጅ ስገዛ ብቻ ነው። ምን ላውርድ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ቩልካን ማለት ፕሮግራም ግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበት መንገድ ነው፤ ያልገባሽ ሰንፈሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የታሰበው ሥራውን አስቀድመው ለሚያውቁ ሰዎች ነው። አንዲት ሦስት ማዕዘን ለማሳየት እንኳ ወደ አንድ ሺህ መስመር ኮድ ያስጽፋል። ለጊዜው ተይው።

እኔ የምመክርሽ፣ ግራፊክስ ካርዱን ረስተሽ ፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸውን ነጥቦች፣ በራስሽ ኮድ እንድትቀቢ ነው። ዛሬውኑ መሞከር ትችያለሽ። ፕሮግራምሽ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይጻፍ። መጀመሪያ ፒ3፣ ቀጥሎ ስፋትና ቁመት፣ ቀጥሎ የቀለም ትልቁ ቁጥር 255። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የፒን ፊደል በእንግሊዝኛ በትልቁ ጻፊው። ይኼ ፒፒኤም የሚባል የምስል ፋይል ነው፤ ጂምፕ የሚባለው የምስል ፕሮግራም ይከፍተዋል። ሁለት ሉፕ ይበቃሽ የለ? ምንም ላይብረሪ አያስፈልግም።

ከዚያ የዲሚትሪ ሶኮሎቭን «ታይኒሬንደረር» የተባለ ትምህርት አውርጂ። ነፃ ነው፤ ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ምስል ፋይል ላይ የሚጽፍ ትንሽ ኮድ ብቻ ይሰጥሽና ሌላውን ራስሽ ትሠሪዋለሽ፤ ሲያልቅ ወደ 500 መስመር ነው። መጀመሪያ መስመር መሳል ትማሪያለሽ። ጃክ ብሬዝንሃም እ.ኤ.አ. በ1962 አይቢኤም ውስጥ ሳለ ያወጣው፣ በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው። እስከ ዛሬ ይሠራል! ቀጥሎ ሦስት ማዕዘን መሙላት፣ ከዚያ ዜድ በፈር ይመጣል። ጮቄን ከሩቅ ስታዪ ፊት ለፊትሽ ያለው ባሕር ዛፍ ተራራውን ይከልለዋል። ኮምፒውተሩ ግን የቱ እንደሚቀርብ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒክስል ርቀቱን ይመዘግባል፤ አዲስ የመጣው ከተመዘገበው ከራቀ አይቀባውም። ይህን በእጅሽ ስትጽፊው ጌም ውስጥ የምታዪው ነገር ሁሉ ሌላ ትርጉም ይሰጥሻል።

የፒተር ሸርሊ መጽሐፍ «ሬይ ትሬሲንግ ኢን ዋን ዊክኤንድ»ም በነፃ ይነበባል፤ የብርሃን ጨረርን መንገድ እየተከተሉ ምስል መሥራትን ያስተምራል፤ የሚጀምረውም በዚያው በፒፒኤም ነው። ስሙ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል ቢልም አትቸኩይ፤ ወር ቢፈጅብሽም ችግር የለውም።

ሒሳቡ ካስፈራሽ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍሽን ከሣጥን አውጪው። ቬክተርና ማትሪክስ እዚያ አሉ። በተለይ ዶት ፕሮዳክት የሚባለውን የሁለት ቬክተሮች ብዜት በደንብ ያዢ፤ ብርሃንና ጥላ የሚሰላው በእሱ ነው።

ኦፕን ጂኤል፣ እንደ ቩልካን ግራፊክስ ካርዱን የሚያዝ ግን ለጀማሪ የሚቀለው፣ ከዚህ በኋላ ይምጣ። የጆይ ዴ ቭሪስ መጽሐፍ «ለርን ኦፕን ጂኤል» በፒዲኤፍ በነፃ ይወርዳል፤ ፓኬጅ በገዛሽ ቀን አንዴ አውርደሽ መብራት ባለበት ሰዓት ታነቢዋለሽ። የሚያስተምረው የኦፕን ጂኤልን 3.3 እትም ስለሆነ ላፕቶፕሽ ያንን መቻሉን አስቀድመሽ እዪ። ካልቻለ ሊኑክስ ላይ ሜሳ የሚባለው ሶፍትዌር ስሌቱን በፕሮሰሰሩ ያሠራልሻል። ይዘገያል፣ ለመማር ግን ይበቃል።

አደራ የምልሽ ነገር አለ። ዩቲዩብ ላይ ብዙ ያረጁ ትምህርቶች አሉ። ኮዱ ውስጥ «ጂኤል ቢጊን» የሚል ትእዛዝ ካየሽ ዝጊው። ያ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 ከኦፕን ጂኤል 3.1 ወጥቷል፤ ዳታሽን አትጨርሺበት።

የመጀመሪያዋን ሦስት ማዕዘን ስትጨርሺ ምስሉን ላኪልኝ። አልሠራ ካለሽም ኮዱን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።