ጠበቃ ከመፈለግሽ በፊት ቀኑን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ4 ዓመት ሥራ በኋላ የስንብት ደብዳቤ ሰጥተውሽ፣ «ከአሠሪዬ የምጠይቀው የለም» የሚል ወረቀት ፈርሚ ብለውሻል። ደህና የሥራ ጉዳይ ጠበቃ እንዴት ይገኛል ነው ያልሽው። እኔም አልፌበታለሁ።

ወረቀቱን ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ። «አንብቤ እመልሳለሁ» በያቸው። ደብዳቤው የደረሰሽን ቀን ደግሞ አሁኑኑ ጻፊው። የሥራ ክርክር ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው፣ እንደየአገሩም ይለያያል። አንቺ ያለሽበትን አገር አልጠቀስሽም። ጀርመን ከሆንሽ ስንብቱን ፍርድ ቤት የምትቃወሚበት ጊዜ 3 ሳምንት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አሜሪካ በመድልዎ የተባረረ ሰው ለእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚያመለክተው በ180 ቀን፣ በብዙ ግዛቶች ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ቤተሰባችን ወደሚያውቀው ጠበቃ ነው። ደግ ሰው ነው፣ በውርስ ጉዳይም ጎበዝ። «እናየዋለን» ሲለኝ ሳምንታት አለፉ። በኋላ እንደኔው ተባርራ የተከራከረች የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ጠበቃ ወሰደችኝ። ጠበቃዋ ገና ሳልቀመጥ «ደብዳቤው መቼ ደረሰሽ?» አለችኝ። ስንቆጥር የቀረኝ 9 ቀን ነበር። አሁንም ሳስበው ይጨንቀኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ተከራክረው ያዩ ሰዎችን ጠይቂ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እሱንም፣ የጠበቆች ማኅበሩንም ጠይቂ። የጠበቃው ፈቃድ የጸና መሆኑን አረጋግጪ። ስትገናኙ ደንበኞቹ በብዛት ሠራተኞች ናቸው ወይስ አሠሪዎች? ለመሥሪያ ቤትሽ ሠርቶ ያውቃል? ፋይሉን ራሱ ይይዘዋል ወይስ ለረዳቱ ይሰጠዋል? ሳታፍሪ ጠይቂ። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚልሽን ተጠንቀቂ። የኔዋ ቀድማ የነገረችኝ ድክመቴን ነው። ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ፤ እነሱን እንዴት እንደምናስረዳ አብረን አሰብን። ያመንኳት በዚህ ነው።

ስትሄጂ ውልሽን፣ የደመወዝ ማስረጃሽን፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ያዢ። የሆነውን በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለጠበቃሽ ብትሰጪ የምክሩ ሰዓት በወሬ አያልቅም። የድርጅቱን ሚስጥራዊ ፋይል ግን ገልብጠሽ እንዳትወጪ፤ በራስሽ ላይ ይመዘዛል።

ክፍያው በሰዓት፣ በቁርጥ ወይም ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን። ብትሸነፊ የሌላውን ወገን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ በድርድር ቢያልቅስ የጠበቃሽ ድርሻ ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ ይግባ። ደመወዝሽ ቆሞ አቅም ካጣሽ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላትና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒኮች አሉ። እነሱ ጋም ወረፋ ስለሚኖር ነገ ጠዋት ደውዪ። አገርሽን እዚህ ጻፊልን፤ እዚያ የተከራከረ ሰው ካለ ይመራሻል።