ኮሳይን ያደረግኩባት መኪና ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው

ጤና ይስጥልኝ፤

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ለፔንታጎን የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር በኔትወርክ ሙያ ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። ግን መጀመሪያ ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ይታመንበታል ወይ የሚለውን ማጣሪያ፣ ማለፍ አለብኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ ታክሲ ልሥራባት ብሎኝ በብድር ለገዛት መኪና ኮሳይን አደረግኩለት፤ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ ማለት ነው። ጥቂት ወር ከፈለና ስልክ ማንሳት አቆመ። ባንኩ መኪናዋን ወስዶ ሸጣት፤ ቀሪው 9,400 ዶላር ዕዳ በእኔም ስም ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢዎች ጋ) ገባ። በዚያው ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ተፋታን። የጠበቃው ክፍያ ሲመጣ ክሬዲት ካርዶቼንም መክፈል አቃተኝ። እንቅልፍ አጥቼ ጥቂት ወራት ካውንስለር ጋ ተመላልሻለሁ። አዲስ አበባ ላሉት እናቴም በየወሩ እልካለሁ።

ባለፈው እሑድ ለክሊራንሱ የሚሞላውን ኤስ ኤፍ 86 የሚባለውን ቅጽ ስሞላ፣ ስለ ዕዳ የሚጠይቀው ጥያቄ 26 ላይ ስደርስ ላፕቶፑን ዘጋሁት። ጓደኛዬ «የመኪናው ዕዳ ያንተ አይደለም፤ ምን አገባህ? አትጻፈው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ

ወንድሜ፣

ሥራህን የሚያሳጣህ መኪናዋ ሳትሆን ጓደኛህ ነው። ጥያቄ 26 ዋስ የሆንክባቸውን ዕዳዎችም ይጨምራል። የዕዳና የክፍያ ታሪክህን የያዘውን ክሬዲት ሪፖርት ደግሞ መርማሪዎቹ ራሳቸው ያወጡታል። ዕዳን ማስረዳት ይቻላል። አውቆ መደበቅ ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

ክሊራንስ ለመስጠት ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት፤ አንዱ ገንዘብ ነው። ሥጋቱ ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ለገንዘብ ሲል የማይሆን ነገር ያደርጋል የሚል ነው። ስለዚህ ችግሩ ከየት እንደመጣና አንተ ምን እንዳደረግክ ያያሉ። ፍቺ ከአቅም በላይ ከሚባሉት ምክንያቶች ጋር በስሙ ተጠቅሷል። ፊርማህ ግን የፈቃድህ ነው። ይሉኝታ የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ነገ ጠዋት ኮሌክሽኑ ጋ ደውል። በየወሩ የምትችለውን ያህል ለመክፈል ተስማማ፣ ስምምነቱን በጽሑፍ ተቀበል፣ ደረሰኙን አንድም ሳትጥል አስቀምጥ። ዕዳው ሁሉ ማለቅ የለበትም፤ ዕቅድ ይዘህ እየከፈልክ መሆንህ ይቆጠርልሃል። «ክሊራንስ የምንነፍግህ በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ደብዳቤ ከደረሰህ በኋላ የተጀመረ ክፍያ ግን ብዙም አያሳምንም። እቁብ ካለህ ዳኛውን ለምነህ ዕጣህን አስቀድም። ታክስ ያላስገባህበት ዓመት ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ጨርስ።

ካውንስለሩ አያስጨንቅህ። መመሪያው ምክር ስለፈለግክ ብቻ በክፉ እንዳትታይ ይከለክላል። ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቀው ጥያቄ 21 የሚፈልገው እንደ ሆስፒታል መተኛት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝና የተወሰኑ ሕመሞች ያሉትን ነው። አንብበህ እውነቱን መልስ።

የእናትህን ገንዘብ ጥያቄ 20 ላይ ታገኘዋለህ፤ ለውጭ አገር ዜጋ ትረዳለህ ወይ ይላል። ስንት እንደምትልክ ጻፍ። አዲስ አበባ በስምህ ቤት ካለም እዚያው ይገባል።

የአክስትህ ልጅ ስልክ ካላነሳ ለአክስትህ ደውልላቸው።