ከኢንኩቤሽን በፊት ቀብድ

«ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በፀሐይ የሚሠራ የዓሣ ማድረቂያ ሠርተናል። ጀማሪ ሥራዎችን የሚደግፈው የዩኒቨርሲቲው ኢንኩቤሽን ማዕከል ለስድስት ወር ሊይዘን ተስማምቷል። አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ፋብሪካ በጥገና ክፍል ሊቀጥረኝ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ይፈልጋሉ። እናቴ ‹መጀመሪያ ደመወዝ ያዢ› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ሳይመረቁ ሁለት በር የሚከፈትላቸው ብዙ አይደሉም።

ከላይ ያሳጠርኩት ደብዳቤሽ ረጅም ነበር። ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ማድረቂያው ሁሉንም ነግረሽኛል፤ ላሜራውን ከየት እንደገዛችሁ፣ መስታወቱ በባጃጅ ሲጫን እንዴት እንደተሰነጠቀ ሳይቀር። ማድረቂያውን ስለሚገዛው ሰው ግን አንድ መስመር አላገኘሁም። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ኢንኩቤተር መጀመሪያ የጫጩት መፈልፈያ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ባታቪያ በምትባል ከተማ ጆሴፍ ማንኩሶ የሚባል ሰው የተዘጋ ፋብሪካ ከፋፍሎ ለትናንሽ ድርጅቶች ማከራየት ጀመረ። ከተከራዮቹ አንዱ ጫጩት አስፈልፋይ ነበር። የእነዚህ ማዕከላት ስም ከዚያ ወጣ፣ በቀልድ። ዶሮ የሚያረባ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል፦ መፈልፈያው ሙቀት ይሰጣል እንጂ እንቁላል አይጥልም። ሳምንት ገደማ ሲሆን እንቁላሉን በመብራት ያዩታል። ፅንስ ካልያዘ ያወጡታል። 21 ቀን ሙሉ ባዶ እንቁላል የሚያሞቅ የለም።

ፋብሪካውም የሰጠሽ ሦስት ሳምንት ነው። እንግዲያው እንቁላሉን አሁኑኑ በመብራት እንየው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ትኩስ የዓሣ ሥጋ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። 10 ኪሎ ሥጋ ብታስገቢ፣ በደንብ ደርቆ የሚወጣልሽ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ ዓሣ ከትኩሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ካልተሸጠ አስጋሪው ከስሯል። ጨው፣ ጉልበትና የማድረቂያው ዋጋ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሒሳብ በዋጋ ሠርታችሁታል? ደብዳቤሽ ላይ የለም።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና፣ በሁዳዴ የባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ዓሣ እንደሚፈልጉ አንቺም ታውቂያለሽ። ትኩሱ እየተሻማ ሲሸጥ ማን ያደርቃል? ክረምት ሲገባ ደግሞ ደመናው ሳምንት ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ሁዳዴ ዓሣ የለሽም፣ ክረምት ፀሐይ የለሽም። ማድረቂያሽ በዓመት ስንት ወር ይሠራል? ምናልባት መልሱ በቂ ይሆናል። ግን ቁጥሩን ይዘሽ ግቢ፤ ሐሳባችሁን ለዳኞች በምታቀርቡበት በፒች ቀን አንዱ መጠየቁ አይቀርም።

ይህን መልስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አታገኚውም። ጣና ዳር ውረጂ። አስጋሪዎች ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ነው የሚያነሱት፤ ስለዚህ በማለዳ ሂጂ። ቀረሶውና አምባዛው ሲለይ፣ ሴቶቹ ሲዘለዝሉ ቁጭ ብለሽ እይ። «እንዲህ ያለ ማድረቂያ ብንሠራ ትገዛላችሁ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ። ይሉኝታ ያለው ሰው ተማሪን አያሳፍርም። «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፣ በርቺ» ይልሻል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ትመለሻለሽ። ይልቅ ያለፈውን ጠይቂ። ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ተበላሸብህ? የት ጣልከው? የተረፈውን ለማን በስንት ሰጠኸው? ቋንጣ ታደርጋለህ? ዝንብና አቧራውን እንዴት ትከላከላለህ? እነዚህ ላይ ይሉኝታ የለም። ሰው ስለ ኪሳራው ሲጠየቅ አፉን ይፈታል።

ከዚያ የመጨረሻዋ ጥያቄ፦ «ቀብድ ትከፍላለህ?» ትንሽም ይሁን። ሦስት ሰው ከኪሱ ቀብድ ካወጣ፣ ፅንስ አለ።

አሁን ወደ ማዕከሉ እንምጣ። ከእነዚህ ቦታዎች ብዙ ሰው ገንዘብ ይጠብቃል። የሚሰጠው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለናሙና ሥራ የምትሆን ናት፣ ደመወዝ አትሆንም። ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። አንደኛ ወርክሾፑ። ፖሊ በ1955 ዓ.ም ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር ሲከፈት ጀምሮ ብረትና እንጨት በእጅ የሚሠራበት ቤት ነው። ብየዳ የሚያውቅ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ከአምስት የቢዝነስ ሥልጠና ይበልጥብሻል፤ ተጠጊው። ሁለተኛው፣ አትሳቂብኝና፣ ደብዳቤው ነው። ማኅተም ያለበት፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ። ባዶ እጅሽን ሄደሽ «ነገ ነይ» የሚልሽ ቢሮ፣ ደብዳቤ ስታሳዪው ወንበር ይስብልሻል። ስድስቱ ወር ሳያልቅ ደጋግመሽ አጽፊ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር። ማድረቂያው የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ከሆነና በግቢው ዕቃ ከተሠራ፣ የፈጠራው ባለቤት ማን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቂ። ውሉ ላይ ያልገባሽ ካለ አስረዱኝ በያቸው። ነውር የለውም።

ሌላው የእናንተው የሦስታችሁ ነገር ነው። እዚህ ላይ ከራሴ ልናገር። በወጣትነቴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ውድድር አሸንፈን ሽልማት ተቀበልን። ምንም የጻፍነው ነገር አልነበረም፣ «እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን» ብለን። ከወር በኋላ አንዱ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ግን ሲሶው ይገባኛል አለ። ሥራውም ጓደኝነቱም እዚያው ቀረ። ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ ድርሻ በአንድ ቀን አትከፋፈሉ። በሠራችሁት ወር ልክ ይገኝ። ለምሳሌ የአንዳችሁ ድርሻ 30 በመቶ በ36 ወር የሚሞላ ቢሆን፣ በስድስተኛው ወር የሄደ ሰው ይዞ የሚወጣው 5 በመቶ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ሦስታችሁም ፈርሙ፣ ምስክር ይኑር።

ንግድ ፈቃድ ለማውጣት አትቸኩሉ። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ግብርም ይከተለዋል፤ ሽያጭ ባይኖርሽም ማስታወቁ አይቀርልሽም። በእርግጥ መሸጥ ስትጀምሩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለሦስታችሁ ይሆናል። ሁለቱ ትተውሽ ብቻሽን ብትቀሪም፣ በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የአንድ ሰው ማኅበር ፈቅዷል።

ታዲያ የቱን ልምረጥ ላልሽው፣ የኔ ሐሳብ ይኸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀብድ ካገኘሽ ማዕከሉ ግቢ። ለፋብሪካውም ደውለሽ መግቢያዬን በስድስት ወር ልታዘገዩልኝ ትችላላችሁ ወይ በይ። እምቢ ቢሉም መጠየቅ አይከፈልበትም። ቀብድ ካላገኘሽ ሥራውን ያዢ። የፋብሪካ ጥገና ሁለት ዓመት የሠራች መሐንዲስ፣ ማሽን በምን እንደሚሰበር አውቃ ትመለሳለች። ጓደኞችሽ ከቀጠሉ በስልክ አግዣቸው፤ ድርሻሽ በወር ተቆጥሮ በዚያች ገጽ ላይ ሰፍሯል።

እናትሽን «ህልሜ ነው» ብለሽ አትከራከሪያቸው። ቀን ቁረጪላቸው። «እማ፣ ስድስት ወር ስጪኝ፣ በዚህ ወር በዚህ ቀን ካልሆነ ደመወዝ እይዛለሁ» በያቸው። ቀኑንም የቤቱ ካላንደር ላይ ራሳቸው ያክብቡበት።